ስለ ቻርልስ ዳርዊን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍና ስለ ዩኒታሪያን ወገን

የአንድ ታላቅ ሰው ስም በዓለም በተሰማ ጊዜ ወዳጁም ጠላቱም የትውልዱን ሐረግ መቍጠር ይጀምራል። ወዳጅ የኛ ነው ለማለት ይቈጥራል፤ ጠላትም ክፋቱ ከነማን እንደ መጣ ለማሳየት ይቈጥራል። በእንግሊዛዊው የፍጥረት መርማሪ በቻርልስ ዳርዊን ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በሃይማኖት ነገር ነፃ አስተያየት አለን የሚሉት ዩኒታሪያን የተባሉት ወገኖች እናቱ ከኛ ጸሎት ቤት ነበረች፣ ሚስቱም በሐሳብ ከኛ ጋራ ናት እያሉ ከወገናቸው ይቈጥሩታል። እነርሱን የሚነቅፉ ደግሞ ይህንኑ ነገር ለክስ ያደርጉታል፤ ሥላሴን በካደ ቤት ያደገ ልጅ ስለ ፍጥረት እንዲህ ያለ ትምህርት ቢያመጣ ምን ያስደንቃል ይላሉ።

የሁለቱም ንግግር በምስክር ሊመረመር ይገባዋል። ምስክሩም ሩቅ አይደለም፤ ዳርዊን ራሱ በ1876 ዓ.ም. ለልጆቹ ብሎ የጻፈው የሕይወቱ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው። ይህ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ተወለደ ቢባል ሐሰት አይሆንም። መጀመሪያ ዳርዊን በሞተ በአምስት ዓመት በ1887 ልጁ ፍራንሲስ አንዳንዱን ቃል እየቀነሰ አሳተመው፤ ኋላም በ1958 የልጅ ልጁ ኖራ ባርሎ የተቀነሰውን ወደ ስፍራው መልሳ ምሉውን አወጣችው። እኛም የምንመረምረው ይህን ምሉውን ነው።

አስቀድሞ ዩኒታሪያን ማለት ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። ስማቸው አንድ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ እግዚአብሔር አንድ ገጽ ብቻ ነው ብለው ምሥጢረ ሥላሴን የማይቀበሉ ናቸው። ይህን የሰማ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሠለስቱ ምእት በ325 በኒቅያ ያወገዙትን አርዮስን ወዲያው ያስባል። ነገር ግን ልዩነት አለ። አርዮስ ወልድ ከዓለም አስቀድሞ የተፈጠረ ነው ይል ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ዩኒታሪያኖች ዋና መምህር የነበረው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ግን ክርስቶስ ሰው ብቻ ነው እስከ ማለት ደርሷል። የሃይማኖትን ነገር ሁሉ በአእምሮ መርምሮ መቀበል ይገባል ማለትም የወገኑ ዋና ሥርዓት ነው። ፕሪስትሊ ከሰባኪነቱ ጋራ የአየርን ጠባይ የመረመረ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። በ1791 በበርሚንግሃም ከተማ ሕዝብ ተነሥቶ ቤቱን አቃጠለበት፤ በ1794 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሥላሴን መካድ በእንግሊዝ አገር ሕግ የሚያስቀጣ መሆኑ የቀረው በ1813 ነው። እንግዲህ ዳርዊን በ1809 ሲወለድ የእናቱ ወገኖች ሃይማኖት ገና በሕግ የተከለከለ ነበረ ማለት ነው።

ፕሪስትሊን በገንዘብና በምርመራ ዕቃ ከረዱት ሰዎች አንዱ ስመ ጥሩው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ ነው። ይህ ሰው ዩኒታሪያን ነበር፤ የዳርዊን እናት ሱዛና ልጁ ናት። የዳርዊን አባት ሐኪሙ ሮበርት ግን በልቡ ከሃይማኖት የራቀ ሰው ነበር። የአባቱ አባት ኢራስመስ ዳርዊንም ዩኒታሪያንነት ከክርስትና የሚወድቅ ሰው እንዳይጐዳ የተነጠፈ የላባ ፍራሽ ነው እያለ ይቀልድ እንደ ነበር ቻርልስ ራሱ በ1879 ስለ አያቱ ባሳተመው ታሪክ ተናግሯል። በአንድ ቤት በእናት ወገን የሚያምኑ፣ በአባት ወገን በዚያው እምነት የሚቀልዱ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቤት የተወለደውን ልጅ የማን ነው ብሎ መቍረጥ ከወዲሁ አስቸጋሪ ነው።

ቻርልስ በተወለደበት በሽሩስበሪ ከተማ የተጠመቀው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው። እናቱ ግን ልጆቿን ይዛ የምትሄደው ወደ ዩኒታሪያኖች ጸሎት ቤት ነበር። በ1817 ልጁ የስምንት ዓመት ሕፃን ሳለ ያስተማረው ጆርጅ ኬስ የዚያ ጸሎት ቤት አገልጋይ ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር እናቱ ሞተች፤ እርሱም ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ጀመር።

ዩኒታሪያኖች የኛ ነው ሲሉ የሚይዙት ማስረጃ ይህ ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ገልጦ የሚያነብ ሰው የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። ዳርዊን ስለዚህ ጊዜ ሲጽፍ ወደ አንድ የቀን ትምህርት ቤት መላኩን ይናገራል እንጂ የመምህሩን ሃይማኖት አያነሣም። የመምህሩን ማንነትና የእናቱን ጸሎት ቤት የነገረን ልጁ ፍራንሲስ ነው፤ እርሱም በግርጌ ማስታወሻ። ስለ እናቱም ዳርዊን የሚያስታውሰው የሞተችበትን አልጋ፣ ጥቍር የከፋይ ቀሚሷንና የእጅ ሥራ የምትሠራበትን ጠረጴዛ ብቻ ነው። በዚያ ጸሎት ቤት የተሰበከ አንድ ቃል ስንኳ በልቡ ስለ መቅረቱ መጽሐፉ ምስክር አይሆንም። ሕፃን ሳለ እናቱን ያጣ ሰው የእናቱ ሃይማኖት ከታሪኩ ወደ ግርጌ ቢወርድ በርሱ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በዚህ ማስታወሻ ላይ ታላቅ ነገር የሚገነቡ ሰዎች መሠረቱ ስንት ክንድ እንደ ሆነ አስቀድመው ሊለኩ ይገባቸው ነበር።

የከሳሾቹ ነገርም ከዚህ አይሻልም። ዳርዊን በ1828 ወደ ኬምብሪጅ የገባው ቄስ ሊሆን አስቦ ነው። በዚያን ጊዜ ስለ ጸሎተ ሃይማኖት የተጻፈውን የፒርሰንን መጽሐፍ በጥንቃቄ እንዳነበበ፣ የመጽሐፍ ቅዱስም ቃል ሁሉ እንደ ንባቡ እውነት መሆኑን ከቶ ስላልተጠራጠረ ጸሎተ ሃይማኖቱን ሙሉ በሙሉ እንደ ተቀበለ ራሱ ይነግረናል። በ1831 ቢግል በምትባለው መርከብ ተሳፍሮ ዓለምን ሊዞር በሄደ ጊዜም ስለ ምግባር ክርክር ቢነሣ የመጽሐፍ ቅዱስን ቃል እንደማይመለስ ዳኛ አድርጎ እየጠቀሰ የመርከቡ ሹማምንት ይስቁበት እንደ ነበር ይናገራል። ሥላሴን በመካድ ያደገ ነው የተባለው ሰው በሃያ ዓመት ዕድሜው እንደዚህ ያለ አማኝ ነበር። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ታዲያ ከእናቱ ወገን የወረሰው ነገር የለምን? አለ፤ ነገር ግን በሃይማኖት አንቀጽ ሳይሆን በምግባር ነው። አያቱ ዌጅውድ በ1787 ባሪያ ፈንጋዮችን ለመቃወም በሰንሰለት ታስሮ ተንበርክኮ የሚለምን ሰው የተቀረጸበትን ትንሽ የሸክላ ምስል አሠርቶ በብዙ አሠራጭቷል። የልጅ ልጁ በ1832 በብራዚል አገር ከመርከቡ አዛዥ ከፊትዝሮይ ጋራ የተጣላው በዚሁ ነገር ነው። ፊትዝሮይ አንድ ጌታ ባሮቹን ጠርቶ ነፃ ልትወጡ ትወዳላችሁን ብሎ ቢጠይቃቸው ሁሉም አንወድም አሉ ብሎ ባርነትን ሲያመሰግን፣ ዳርዊን በጌታቸው ፊት የተናገሩት መልስ ምን ዋጋ አለው ብሎ ጠየቀው። አዛዡ ተቈጥቶ ከእንግዲህ አብረን መኖር አንችልም አለ፤ በጥቂት ሰዓትም ውስጥ ይቅርታ ላከበት። በእርግጥ ባርነትን መጥላት የዩኒታሪያኖች ብቻ አልነበረም፤ የባሪያን ንግድ ለማስቀረት በሸንጎ ሲሟገት የኖረው ዊልበርፎርስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። ነገር ግን በዳርዊን ቤት ይህ ቍጣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የወረደ ርስት ነው፤ መጽሐፉም ይህን ሲተርክ የጸሐፊው ብርዕ ይሞቃል።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንምጣ፤ እርሱም ሚስቱ ኤማ ዌጅውድ ናት። የእናቱ ወንድም ልጅ ስትሆን በ1839 በጥር ወር በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ። ዳርዊን ከመታጨቱ በፊት አባቱ ጥርጣሬህን ከሚስትህ ሰውር፣ በዚህ ምክንያት ብዙ ባለ ትዳሮች ሲያዝኑ አይቻለሁ ብሎ መክሮት ነበር። ልጁ ግን ምክሩን ትቶ ገለጠላት። እርሷም በ1838 በጻፈችለት ደብዳቤ ግልጽነቱን አመስግና፣ ስለ እኔ ብለህ ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ የተናገረውን የስንብት ቃል ከዮሐንስ ወንጌል ከ13ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ጀምረህ አንብብልኝ ብላ ለመነችው። ከተጋቡም በኋላ በጻፈችው ሌላ ደብዳቤ፣ በምርመራ ሥራ ያልተረጋገጠውን ሁሉ ያለመቀበል ልማድ ከአእምሮ በላይ በሆነው ነገር ላይም እንዳይሠለጥንብህ እፈራለሁ፤ ለዘለዓለም አንለያይም የሚለው ተስፋዬም እንዳይጠፋ እሠጋለሁ የሚል ሐሳብ ገለጠችለት። ዳርዊን ይህን ወረቀት እስኪሞት ድረስ አኖረው፤ ብዙ ጊዜ እንደ ሳመውና እንዳለቀሰበትም ከግርጌው ጻፈበት።

የኤማ ሃይማኖት በተግባር እንዴት እንደ ነበረ ልጇ ፍራንሲስ ያስታውሳል። በዳውን መንደር ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር፤ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደገም ሕዝቡ ወደ መሠዊያው ዞሮ ሲቆም ግን የዳርዊን ቤተ ሰብ ሳይዞር እንደ ቆመ ይቀር ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አልወጡም፤ የማያምኑበትንም በአካላቸው አልመሰከሩም። ዳርዊን ራሱ ጸሎቱን ከተወ በኋላ እንኳ ከአጥቢያው ቄስ ከብሮዲ ኢነስ ጋራ ወዳጅ ሆኖ ኖረ፤ በመንደሩ የድኾች መረዳጃ ገንዘብም አብሮት ይሠራ ነበር።

ዳርዊን እምነቱን እንዴት እንዳጣ በመጽሐፉ የተረከው ክፍል ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። አለማመን በጣም ቀስ እያለ እንደ መጣበት ይናገራል። ሊተወውም አልወደደም ነበር፤ በፖምፔ ፍርስራሽ ውስጥ ወንጌልን የሚያረጋግጡ የጥንት የሮማውያን ጽሑፎች ሲገኙ በሐሳቡ ይሥል ነበር። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች በ1851 በሞልቨርን የሞተችው የአሥር ዓመት ልጁ አኒ ሐዘን የመጨረሻውን እምነት እንደ ወሰደው ይጽፋሉ። መጽሐፉ ግን ስለ እርሷ እንባው እስከ ዛሬ እንደሚመጣ ይናገራል እንጂ ሐዘኑን ከእምነቱ ማለቅ ጋራ አያይዘውም። በክርስትና ላይ በግልጽ የሚቈጣው በሌላ ነገር ነው። የወንጌሉ ቃል እንደ ንባቡ ከሆነ የማያምኑ ሁሉ፣ ከነርሱም ጋራ አባቱ፣ ወንድሙና የቅርብ ወዳጆቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ለዘለዓለም ይቀጣሉና፣ ይህ እውነት እንዲሆን የሚመኝ ሰው እንዴት ይኖራል ብሎ በብርቱ ቃል ይነቅፋል።

በዚህ አንቀጽ አጠገብ ኤማ ባሏ በሞተ በስድስት ወር፣ በ1882፣ በገዛ እጇ ማስታወሻ ጻፈች። ይህ ቃል እንዲታተም አልወድም፤ ያልበሰለ ይመስለኛል አለች። ቀጥላም በአለማመን ምክንያት የዘለዓለም ቅጣት አለ በሚለው ትምህርት ላይ ምንም ያህል የከበደ ነቀፋ ቢነገር አይበዛም፤ ነገር ግን ቃሉ ተጽፎ ቢገኝም ዛሬ ይህን ክርስትና ብሎ የሚጠራ ጥቂት ነው የሚል ሐሳብ ጨመረች።

የዳርዊንና የዩኒታሪያኖች ግንኙነት ምን እንደ ነበረ የሚያስረዳ ከዚህ ኅዳግ የሚበልጥ ጽሑፍ አላገኘንም። ባልና ሚስቱ በፍርዱ ነገር አንድ ልብ ናቸው፤ ሁለቱም ያን ትምህርት ይጠላሉ። የሚለያዩት በአነባበብ ነው። ዳርዊን በኬምብሪጅ ሳለ የመጽሐፍ ቃል ሁሉ እንደ ንባቡ ነው ብሎ ተቀበለ፤ ሊተወው በወሰነም ጊዜ እንደ ንባቡ አንብቦ ተወው። ንባቡ እንደ ብረት ነበርና ሊታጠፍ አልቻለም፤ ተሰበረ። ኤማ ግን በአባቶቿ ልማድ ንባቡን ከምሥጢሩ ለይታ ቃሉ አለ፣ ክርስትና ግን ይህ አይደለም ለማለት ቻለች፤ ስለዚህም ተስፋዋን አልተወችም። እንግዲህ ዳርዊንን ከክርስትና ያወጣው የዩኒታሪያኖች ነፃነት ነው ማለት የነገሩን ፊት ወደ ኋላ ማዞር ነው። ያን ነፃነት የያዘችው ሚስቱ ቀረች፤ ያልያዘው እርሱ ወጣ።

ይህን ስንል የዚያን ወገን አነባበብ ነቀፋ የለበትም ማለታችን አይደለም። ያለ አባቶች ትርጓሜ ንባቡን የሚተው ሰው ዛሬ የዘለዓለምን ቅጣት ቢተው ነገ ምን እንደሚተው ማን ያውቃል? የራሳቸው ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። የአሜሪካው ፍራንሲስ አቦት ዩኒታሪያን ሰባኪ ነበር፤ በ1867 ነፃ የሃይማኖት ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ ኋላም ከነርሱ ወጣ፤ በ1870ም ጋዜጣ አቆመ። ዳርዊን በ1871 የዚህን ሰው ጽሑፍ አመስግኖ ምስጋናው እንዲታተም ፈቀደ፤ ስለ ሃይማኖት ጻፍልን ቢለው ግን በዚህ ነገር አጥልቄ አላሰብሁም ብሎ እንቢ አለ። በ1880ም የፈቀደውን ምስጋና እንዳይታተም አስቀረ። የገዛ ሥራውን ለማስረዳት ሃያ ዓመት የታገሠ ሰው ሃይማኖትን የሚያህል ነገር በችኰላ አልፈረመም፤ በዚህ ከብዙ ተከታዮቹ ይሻላል። በመጽሐፉም ስለ ዓለም መጀመሪያ አላውቅም ባይ ሆኜ እቀመጣለሁ ብሎ ይደመድማል እንጂ የማንም ማኅበር አባል ነኝ አይልም።

የዩኒታሪያን ወገን በጠቅላላው የዳርዊንን ትምህርት በአንድ ድምፅ ተቀበለ ማለትም ስሕተት ነው። ስለ ዝርያዎች መገኘት የጻፈው መጽሐፍ በ1859 በኅዳር ወር በወጣ ጊዜ በ1860 መጀመሪያ በናሽናል ሪቪው ላይ በጎ ሂስ የጻፈለት ሐኪሙ ዊልያም ካርፔንተር ዩኒታሪያን፣ የዩኒታሪያን ሰባኪም ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ በኖርዝ አሜሪካን ሪቪው ላይ በብርቱ የተቃወመው የሃርቫርዱ መምህር ፍራንሲስ ቦወንም ዩኒታሪያን ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንዲሉ፣ አንድ ጸሎት ቤት ደጋፊውንም ተቃዋሚውንም ወለደ።

የቀረን ስለ መጽሐፉ አወጣጥ መፍረድ ነው። ኤማ በ1885 ደግሞ ለልጇ ለፍራንሲስ ጽፋ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲወጣ ለመነች። ዳርዊን በዚያ ስፍራ በሕፃንነት የተተከለ የእግዚአብሔር እምነት ዝንጀሮ ለእባብ እንዳለው ፍርሃት ለመተው አስቸጋሪ እንደሚሆን ተናግሮ ነበር። እርሷም ይህ ቃል የሚወዱትን ሃይማኖተኞች ወዳጆቹንና አሮጌ የቤት አገልጋዮቻቸውን እንዳያሳዝን ፈራች፤ የባሏንም ሐሳብ ሰዎች አለ አግባብ እንዳይተረጕሙት ሠጋች። ፍራንሲስም ታዘዘ። በሕይወት ያለች መበለት ልመናዋን የሚንቅ ልጅ ምስጉን አይሆንምና በ1887 የተደረገውን አንነቅፍም። ነገር ግን የፍቅር መቀስም መቀስ ነው። በተቀነሰው መጽሐፍ ዳርዊን ሃይማኖትን በለሰለሰ ቃል የተሰናበተ ሽማግሌ መስሎ ይታያል፤ የኤማም ተጋድሎ አብሮ ይጠፋል። አንቀጹ ሲወጣ ያንን አንቀጽ ያረመችበት ኅዳግ ከርሱ ጋራ ወጥቷልና። ምሉው በ1958 በወጣ ጊዜ የባልየው ቍጣና የሚስቲቱ መልስ ጐን ለጐን ተገኙ። ስለዚህ ኖራ ባርሎ ለአያቷ ብቻ ሳይሆን ለሴት አያቷም ፍርድ መልሳለች።

መጽሐፉ ጕድለት አለበት። ስለ እናቱ ወገን ዝም ማለቱን አይተናል፤ ስለ ሃይማኖት የተናገረውም ከጥንዚዛዎቹና ከወፎቹ ነገር ይልቅ በችኰላ የተጻፈ ነው። ነገር ግን ለልጆቹ የጻፈ አባት እንደ ተከሳሽ አይከራከርም፣ እንደ ሰባኪም አይሰብክም፤ ይህም ምስክርነቱን ያስታምነዋል።

እንግዲህ ለሁለቱ ሐረግ ቈጣሪዎች መልሱ ይህ ነው። ለዩኒታሪያኖች፦ ዳርዊን የእናቱንና የሚስቱን ቤት ምግባር ወረሰ፣ ሃይማኖታችሁን ግን አልወረሰም። ለከሳሾቻቸውም፦ እርሱ የተወው ኬምብሪጅ ያስተማረውን ንባብ እንጂ የእናቱን ጸሎት ቤት ስብከት አይደለም። ከዚህ የሚተርፈው ትምህርት ደግሞ ለሚያስተምሩ ሁሉ የሚሆን ነው። ንባቡን ብቻ ያለ ምሥጢሩ የተቀበለ ወጣት አንድ ቀን ንባቡን በአባቱ ፊት ቢያቆመውና ቢያስጨንቀው የሚጠጋበት የለውም። ይህን የሚያስተውል መምህር የዳርዊንን መጽሐፍ በቍጣ ሳይሆን በጥንቃቄ ያነብበዋል፤ ሲያነብም ኅዳጉን አይዘለውም።